የካሜራው ክንድ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲሰምጥ፣ ሲንሸራተት

ደብረ ብርሃንም ሆነ ደብረ ሲና፣ ቤቱ ውስጥ የምግብ አሠራር፣ የሒሳብ ትምህርት ወይም የጥልፍ ሥራ የሚቀርጽ ሰው ካሜራውን ከጠረጴዛው በላይ የሚይዝለት ክንድ ይፈልጋል። ክንዱ ተንቀጠቀጠ ብሎ ሌላ ይገዛል። አዲሱም ይንቀጠቀጣል። ለምን ቢባል፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የክንዱ ሳይሆን ክንዱ የታሰረበት ነገር ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ካሜራውን እየቀረጸ ተዉትና ጠረጴዛውን በጣት ኳ ኳ አድርጉ። ትንሽ ቆይታችሁ ወለሉን በእግር ምቱ። በመጨረሻ ካሜራውን በጣት ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። ከዚያ ቪዲዮውን እዩ። ጠረጴዛው ሲመታ ብቻ ምስሉ ከተናጠ፣ ችግሩ ጠረጴዛው ነው። ወለሉ ሲመታ ከሆነ ንዝረቱ የሚመጣው ከወለሉ ነው። ሲገፋ ቶሎ የማይረጋ ከሆነ ክንዱን ወይም ማሰሪያውን ጠርጥሩ።

ሽንኩርት ስትከትፉ ወይም ስትጽፉ ምስሉ ይናጣል

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የምትሠሩበትና ካሜራው የታሰረበት ጠረጴዛ አንድ ነው። መፍትሔው መለየት ነው። ክንዱን ከጎን ባለ ሌላ ጠረጴዛ፣ በከባድ መደርደሪያ ወይም በግድግዳ ላይ እሰሩት። መሬት ላይ የሚቆም ማቆሚያ ካላችሁ እግሩ ላይ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ጫኑበት። የደሴው መንገድ ዳር የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ወለሉም ይነዝራል። ከማቆሚያው እግር ሥር ወፍራም ጎማ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጉ። ብርድ ልብስ መቼም በደብረ ብርሃን አይጠፋም።

ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰምጣል

ከሁሉም የሚያናድደው ይሄ ነው። ቀረጻ ስትጀምሩ ምጣዱ መሀል ላይ ነበር፤ ስትጨርሱ ግማሹ የለም።

ባልዲ ውኃ ወደ ሰውነታችሁ አስጠግታችሁ ስትይዙና እጃችሁን ዘርግታችሁ ስትይዙ ያለውን ልዩነት ታውቁታላችሁ። ክንዱም እንደዚያው ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ተዘርግቶ 1 ኪሎ ሲይዝ፣ መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና 20 ሴንቲ ሜትር ላይ 4 ኪሎ እንደመያዝ ነው። ካርቶኑ ላይ «2 ኪሎ ይችላል» ቢል በምን ያህል ርዝመት እንደሆነ ካልነገራችሁ ብዙም አትመኑት።

ካሜራችሁን ከነሌንሱና ከነባትሪው ባለሱቁ ጋ ወስዳችሁ አስመዝኑ። ብዙ መካከለኛ ካሜራዎች ከትንሽ ሌንሳቸው ጋር 1 ኪሎ አካባቢ ይመጣሉ። ክንዱ ቢያንስ የዚያን እጥፍ የሚችል ይሁን። ከዚያም ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አትዘርጉት።

ባለስፕሪንጉ ክንድ ለማይክሮፎን የተሠራ ነው። ስልክ ይችል ይሆናል፤ ካሜራ ላይ ግን አልመክርም። እንደ አንገት የሚጠማዘዘውን ለካሜራ ጨርሶ አትግዙት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ መገጣጠሚያው አልዞር ሲል ዘይት የሚቀባ ሰው አለ። ይህ መገጣጠሚያ የሚይዘው በመፋተግ ነው። ዘይት ከገባው ቢጠብቅም ይንሸራተታል። ፈትታችሁ በአልኮል ጥረጉት።

ክላምፑ ከጠረጴዛው ይንሸራተታል

ክላምፕ ክንዱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ነክሶ የሚይዘው ማሰሪያ ነው። ጠረጴዛው ቺፑድ ከሆነ ስታጠብቁት ጠርዙ ይፈረፈራል፤ ካላጠበቃችሁት ይዞራል። ከላይም ከሥርም ጠፍጣፋ ጣውላ አስገቡ፤ ጫናው ይበተናል። በጣውላውና በጠረጴዛው መሀል ደግሞ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ አድርጉ። መስታወት ጠረጴዛ ላይ በፍጹም።

ግድግዳው ላይ የታሰረው እየላላ ይመጣል

የጭቃ ቤት ከሆነ ምርጊቱ ምንም አይዝም። ግድግዳውን ቀስ እያላችሁ ምቱና ቋሚ እንጨቱን በድምፁ ፈልጉ፤ ብሎኑ እዚያ ይግባ። ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸሩ፣ ማለትም ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ፣ ቀጭኗን ቅርፊት ብቻ ነው የሚነክሰው። ኮለን፣ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶ፣ ካገኛችሁ እዚያ ብሱ። ከሌለ፣ አንድ ቁራጭ ሞራሌ በአራት ፊሸር ግድግዳው ላይ እሰሩና ክንዱን ሞራሌው ላይ ግጠሙት።

ጣሪያስ? ኮርኒስ ራሱን ከቻለ ይበቃዋል። ከኮርኒሱ በላይ ያለው እንጨት ክብደቱን ይሸከማል፤ ግን የተያያዘው ከቆርቆሮው ጋር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ነፋሻ ከተማ ናት። ንፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንገጫግጭ ምስሉም አብሮ ይሄዳል። ዝናብ ሲመጣ ድምፁም አብሮ ይበላሻል፤ እሱ እንኳን የክንድ ጥፋት አይደለም።

የካሜራው ብሎን አልይዝ ይላል

የካሜራ ሥር ያለው ቀዳዳ ሩብ ኢንች ነው፤ 6.35 ሚሊ ሜትር። ሱቅ የምታገኙት ብሎን ብዙውን ጊዜ ባለ 6 ሚሊ ነው። ይገባል፣ ይዞራል፣ የያዘም ይመስላል። ጥርሳቸው ግን አይገጥምም። በግድ ካጠበቃችሁት የካሜራውን ጥርስ ይበላል፤ ካልሆነም ካሜራው ይወድቃል። ርዝመቱንም እዩ። ሶኒ በመመሪያዎቹ ከ5.5 ሚሊ ሜትር ያጠረ ብሎን ተጠቀሙ ይላል፤ የረዘመው ካሜራውን ይጎዳል።

ሁሉንም ሞክራችሁ ካልሆነ

ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ የምትቀርጹ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ክንድ አልገዛም። ብየዳ ቤት ሄጄ በቱቦላሬ የበር መቃን የመሰለ ነገር አሠራለሁ፦ ሁለት እግር፣ ከላይ አንድ አግዳሚ። በሁለት በኩል የተያዘ ነገር በአንድ በኩል ከተንጠለጠለ ክንድ ይልቅ ይረጋል። እግሮቹ ጠረጴዛውን ሳይነኩ ወለሉ ላይ ይቁሙ። ካሜራውን የሚይዘውን ሩብ ኢንች ብሎን ይዛችሁ ሂዱ፤ በያጁ ቀዳዳውን በልኩ ይብሳል። ቀለሙ የማያብረቀርቅ ጥቁር ይሁን፤ አለዚያ ድስቱ ክዳን ላይ ይታያል። ካሜራውን ደግሞ በጠንካራ ገመድ ከአግዳሚው ጋር እሰሩት፤ ከሥሩ የጋለ ዘይት አለ።