አንድን የሕግ ጥያቄ ከሕገ መንግሥቱ እስከ ንግድ ማህበሩ እንዴት መከታተል ይቻላል

ሦስት ጓደኛሞች 60,000 ብር አዋጥተው እንጀራ እየጋገሩ ለሆቴሎች ሊያቀርቡ አስበዋል እንበል። እንቅልፍ የሚነሳቸው ነገር አንድ ነው፦ ሥራው ከስሮ ዕዳ ቢመጣ ባለገንዘቡ የየቤታቸውን ንብረት ሊያሸጥባቸው ይችላል ወይ? ብዙ ጀማሪ ተማሪ እንዲህ ሲጠየቅ ቀጥታ የንግድ ሕጉን ገልጦ «ማህበር» የሚል ቃል ያስሳል። መልሱ ግን ባንድ ሕግ ውስጥ ተሰብስቦ አይጠብቅም። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሌላ ጥያቄ ሲገጥማችሁም መንገዱ ያው ነው።

1. ጥያቄው የፍትሐ ብሔር ነው ወይስ የወንጀል?

ውል፣ ዕዳ፣ ካሳ፣ ውርስ፣ ማህበር የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ናቸው፤ ከሳሹም መብቴ ተነካ የሚለው ሰው ራሱ ነው። ወንጀል ሲሆን በመደበኛው የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ውጤቱም እስራት ወይም መቀጮ ነው። የጓደኛሞቹ ጥያቄ የፍትሐ ብሔር ነው። ነገር ግን አንድ ድርጊት ሁለቱንም በር ሊያንኳኳ ይችላል። ለዱቄት አቅራቢው በቂ ስንቅ (በባንክ ሒሳቡ ያለ ገንዘብ) የሌለው ቼክ ቢቆርጡለት፣ አቅራቢው ገንዘቡን በፍትሐ ብሔር ክስ ይጠይቃል፤ ፈራሚው ደግሞ በወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 693 ሊከሰስ ይችላል። ማህበር ማቋቋም ከዚህ ሁለተኛው አያድንም።

2. ሕጉን ማን አወጣው?

ከሁሉ በላይ ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 9 ከእርሱ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራር ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ዋጋ የለውም ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው አዋጅ ነው፤ የሚያወጣውም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው (አንቀጽ 55)። የጸደቀው ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙበትም በሥራ ላይ ይውላል (አንቀጽ 57)። ከአዋጅ በታች የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣው ደንብ አለ፤ ከዚያ በታች ሚኒስቴሮችና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቶች የሚያወጧቸው መመሪያዎች ይመጣሉ።

ደንብና መመሪያ በራሳቸው እግር አይቆሙም። መጀመሪያ ገጻቸው ላይ «በአዋጅ ቁጥር … አንቀጽ … በተሰጠው ሥልጣን መሠረት» የሚል ዐረፍተ ነገር ይፈለጋል። ያንን አንቀጽ አውጥታችሁ በእርግጥ ሥልጣኑን ሰጥቶ እንደሆነ ተመልከቱ። ተማሪዎች ይህችን ማረጋገጫ ይዘልላሉ፤ ጠበቆች ግን ክርክር የሚያሸንፉባት አንዳንዴ እሷው ናት።

«ደንብ» የሚለው ቃልም ያሳስታል። የዕድር ወይም የንግድ ማህበር «መተዳደሪያ ደንብ» የሚኒስትሮች ምክር ቤት ካወጣው ደንብ ጋር ስም እንጂ ባሕርይ አይጋራም። አባላቱ እርስ በርስ የተስማሙበት ስለሆነ ጠባዩ ወደ ውል ያደላል።

የፌዴራልና የክልል ልዩነትም እዚሁ ይታያል። የንግድ ሕግ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 4 የፌዴራል ነው፤ ስለዚህ የእንጀራ ቤቱ ባሕር ዳርም ይከፈት ጅማ ሕጉ አንድ ነው። የቤተሰብ ሕግ እንደዚያ አይደለም፦ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ የራሱን የቤተሰብ ሕግ ባወጣ ክልል የክልሉ ሕግ ይሠራል።

3. ሕጉ በሕይወት አለ?

የፌዴራል ሕጎች የሚታተሙት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲወጣ ያዛል፤ ሁለቱ ቢለያዩም የአማርኛው ይበልጣል። በግራ ያለውን የአማርኛ ዓምድ ማንበብ እንግዲህ የቋንቋ ምርጫ ብቻ አይደለም።

የዓመት ቁጥሩ ደግሞ ወጥመድ ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ በአማርኛው ዓምድ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው፤ በእንግሊዝኛው 1243/2021 ይባላል። ሁለት ሕጎች መስሏቸው ሁለቱንም የጠቀሱ የተማሪ ጽሑፎች አሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። የአዋጁን ተራ ቁጥር ያዙ፤ እሱ አይለወጥም።

ቀጥሎ መሻር አለመሻሩን አረጋግጡ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ አዋጅ 1243 የ1952ቱን የንግድ ሕግ ሙሉ በሙሉ አልሻረም። ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማህበራትና ስለ መክሰር የሚናገሩትን መጻሕፍት ተክቷል፤ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ፣ እንዲሁም የሚተላለፉ ሰነዶች (እንደ ቼክ ያሉ) እና የባንክ ሥራ መጻሕፍት ግን ቀጥለዋል። ስለዚህ ለማህበሩ አዲሱን፣ ለቼኩ አሮጌውን ትገልጣላችሁ። አሮጌው ረቂቅ በፈረንሳዮቹ ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ እጅ ያለፈ ነው፤ የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት ቢከብዳችሁ በእናንተ ብቻ የደረሰ አይደለም።

4. አዋጁን ከመጨረሻው ጀምራችሁ አንብቡ

ከገጽ አንድ እየተነበበ የሚዘለቅ አዋጅ ጥቂት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ሞክሩ፦

መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን አንቀጾች፦ «የተሻሩ ሕጎች»፣ «የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች»፣ «አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ»። ብዙ ጊዜ የሚጸናው በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ነው፤ የተለየ ቀን የሚያስቀምጥም ስላለ ግን ሳያዩ ማለፍ አይገባም።

ሁለተኛ የተፈጻሚነት ወሰኑን። ጉዳያችሁ ከወሰኑ ውጭ ከሆነ የቀረውን ማንበብ ድካም ነው።

ሦስተኛ ትርጓሜውን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንቀጽ 2 ነው። «ነጋዴ» ወይም «ሰው» የሚለው ቃል በገበያ ያለውን ትርጉም ይዞ ላይመጣ ይችላል። በብዙ አዋጆች «ሰው» ማለት የተፈጥሮ ሰው ወይም በሕግ የሰውነት መብት የተሰጠው አካል ነው፤ ስለዚህ ማህበርም «ሰው» ሆኖ ይከሰሳል፣ ይከስሳልም።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ድንጋጌ የሚነበበው። መግቢያው አያስገድድም፤ ድንጋጌው ሁለት ትርጉም ሲሰጥ ግን የሕግ አውጪውን ሐሳብ ለማወቅ ይረዳል።

5. ግሡን መርምሩ

«አለበት» እና «ይችላል» የተለያየ ዓለም ናቸው። የመጀመሪያው ግዴታ ነው፣ ሁለተኛው ምርጫ ይሰጣል። «ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር» የሚል ካገኛችሁ ሕጉ የሚሠራው ተዋዋዮቹ ዝም ካሉ ብቻ ነው፤ በመመሥረቻ ጽሑፋቸው ሌላ ሊሉ ይችላሉ። «የ… ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚለው ደግሞ አንባቢውን ወደ ሌላ አንቀጽ ይልከዋል፤ ያ አንቀጽ ሳይነበብ መልስ የለም። ሁለት ሕጎች ከተጋጩ በአንድ ደረጃ ላይ እስካሉ ድረስ ልዩው ከጠቅላላው፣ የኋለኛው ከፊተኛው ይቀድማል። ደረጃቸው ከተለያየ የላይኛው ያሸንፋል፤ መመሪያ አዲስ ስለሆነ ብቻ አዋጅን አይረታም።

6. የማህበሩን ዓይነት ምረጡ

አሁን ወደ ጓደኛሞቹ እንመለስ። አዲሱ የንግድ ሕግ ሰባት የንግድ ማህበራት ያውቃል፦ የኅብረት ሽርክና፣ ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ያለበት ሽርክና፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ ሽርክና፣ የእሽሙር፣ አክሲዮን፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር እና ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር።

በመቀነስ ሂዱ። የኅብረት ሽርክና ይውደቅ፤ አባላቱ ለማህበሩ ዕዳ በግል ንብረታቸው፣ በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ (ባለገንዘቡ ሙሉውን ዕዳ ከሁሉም ወይም ከአንዳቸው ብቻ መጠየቅ ይችላል)፤ የሚፈሩት ይህንኑ ነው። ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ያለበት ሽርክናም ቢያንስ አንዱን ጓደኛ ለዚሁ አደጋ ያጋልጠዋል። የእሽሙር ማህበር የሕግ ሰውነት የለውም፤ ስለዚህ በእነርሱና በዕዳው መካከል ጋሻ ሆኖ አይቆምም። ኃላፊነቱ የተወሰነ ሽርክና ለሙያ አገልግሎት ሰጪዎች የታሰበ ነው። የአንድ አባሉ ለሦስት ሰው አይሆንም። አክሲዮን ማህበር አጓጊ ይመስላል፤ ዝቅተኛው ካፒታል 50,000 ብር ነው፣ እነርሱ 60,000 አላቸው። ግን ቢያንስ አምስት አባል ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ሞላ፣ ሰዉ ጎደለ። የቀረው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ነው፦ ከ2 እስከ 50 አባል፣ ካፒታሉ ከ15,000 ብር ያላነሰ። ባንክ ወይም ኢንሹራንስ መሥራት አይችልም፤ እንጀራ ግን ይጋግራል።

ማህበሩ የሕግ ሰውነት የሚያገኘው በንግድ መዝገብ ሲመዘገብ ነው። የመመሥረቻ ጽሑፉ ተፈርሞ በሰነዶች ማረጋገጫ መጽደቁ ብቻውን አይበቃም። በመካከል ባለው ጊዜ የመጋገሪያ ቤት ተከራይቶ ውል የፈረመ ጓደኛ ራሱ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ሥርዓቱ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 እና ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1150/2011 ይገኛል። ምዝገባና የንግድ ፈቃድ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን አትርሱ፤ አንዱ ማህበሩን ይወልዳል፣ ሌላው እንዲነግድ ይፈቅድለታል።

7. ጋሻው የሚቀደድበትን ቦታ ፈልጉ

እዚህ የደረሰ ተማሪ «ኃላፊነታቸው በመዋጯቸው ልክ ነው» ብሎ ወረቀቱን ያስረክባል። ግማሽ መልስ ነው። አበዳሪ ለአነስተኛ ማህበር ብድር ሲሰጥ ባለቤቶቹን በግል ዋስ ማድረጉ የተለመደ ነው። የዋስትና ሕግ ያለው በንግድ ሕጉ ውስጥ አይደለም፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1920 ጀምሮ ነው። ሦስት ነገሮችን ከውሉ ላይ ለዩ። ዋስትናው በጽሑፍ መሆን አለበት (አንቀጽ 1725)። በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅም ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም (አንቀጽ 1922)። ሦስተኛው «በአንድነት» የሚለው ቃል ነው፦ ዋሱ ከባለዕዳው ጋር የአንድነት ዋስ ከሆነ፣ አበዳሪው ማህበሩን ሳይጠይቅ ቀጥታ ወደ ዋሱ ይመጣል (አንቀጽ 1933)። በስድስተኛው እርምጃ የተሠራው ጋሻ በአንድ ፊርማ ሊወልቅ ይችላል ማለት ነው።

የማህበሩን ገንዘብ ከቤት ወጪ ጋር መቀላቀልም ሌላው ቀዳዳ ነው። የተለየ የባንክ ሒሳብና የሒሳብ መዝገብ ከሌለ «ንብረቱ የማህበሩ ነው» የሚለውን ማስረዳት ይከብዳል።

8. ሰበርና መመሪያ

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት የተባለን የመጨረሻ ውሳኔ የሚያየው ችሎት፣ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ይህ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የተጀመረ ሲሆን አሁን በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ይገኛል። ውሳኔዎቹ በቅጽ ተጠርዘዋል፤ በአንቀጽ ቁጥር ፈልጉ። የሚያስገድደው የሕግ ትርጉሙ ነው፤ የተከራካሪዎቹ ታሪክ ከእናንተ ጉዳይ ጋር መመሳሰሉን ለይታችሁ ጻፉ።

መመሪያ ሲጠቀስባችሁ ደግሞ ቁጥሩን ጠይቁ። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያዎች እንዲመዘገቡና በድረ ገጽ እንዲወጡ ያዛል፤ መዝጋቢው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው፣ አዋጁ ሲወጣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበር። በቃል ብቻ «መመሪያው አይፈቅድም» የሚል መስኮት ላይ የሚጠየቀው ይህ ቁጥር ነው።

መልሱን ስትጽፉ እንዲህ ይመጣል፦ ጓደኛሞቹ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አቋቁመው በንግድ መዝገብ ካስመዘገቡ፣ የማህበሩን ገንዘብ ለይተው ከያዙና የግል ዋስትና ካልፈረሙ፣ ባለገንዘቡ የሚጠይቀው ማህበሩን ነው፤ እነርሱ የሚያጡት መዋጯቸውን ነው። ከፈረሙ ደግሞ በዋስትናው ላይ በተጻፈው የብር ልክ ይጠየቃሉ። ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ጎን የአዋጅ ቁጥር፣ አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ ይግባ።