በአንትሮፖሎጂ የመስክ ማስታወሻ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ዳር ወጥተው፣ በሱሉልታና በሰበታ አካባቢ ለመስክ ጥናት የሚሰማሩ ተማሪዎች ከሁሉ በፊት ሊጠነቀቁ የሚገባቸው ፍርድን ምልከታ አስመስሎ ከመጻፍ ነው። በአንድ የገበሬ ግቢ ኩበት ተጠፍጥፎ ሲደርቅ ያየ ተማሪ «ንጽሕና የጎደለው፣ ኋላ ቀር አኗኗር» ብሎ ከመዘገበ፣ ማስታወሻው ስለ ቤተሰቡ አንዳች አይነግረንም። ኩበቱን የጠፈጠፈችው ማን እንደሆነች፣ ስንት ቀን እንጀራ እንደሚያስጋግርና ትርፉ ለገበያ ይወጣ እንደሆነ ቢጠይቅ ኖሮ ግን የማገዶ እጥረቱን፣ የሴቶችን የሥራ ድርሻ፣ እንዲሁም ማሳ ሊያዳብር ይችል የነበረው እበት ምድጃ ውስጥ የሚገባበትን ምክንያት አብሮ ባገኘ ነበር። እንዲህ ያለው ፍርድ የቆየ ነው፤ አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሉዊስ ሄንሪ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1877 ሕዝቦችን ሁሉ በአንድ የሥልጣኔ መሰላል ላይ ደርድሮ ነበር። ሌላው አንትሮፖሎጂስት ፍራንዝ ቦአስ እ.ኤ.አ. በ1896 እንዲህ ያለውን ንጽጽር ሲተች፣ ተመሳሳይ ልማዶች ከተለያየ ምክንያት ሊመነጩ ስለሚችሉ እያንዳንዱ በገዛ ታሪኩ ሊጠና ይገባል ብሏል።

ሁለተኛው ስህተት ኢትኖሴንትሪዝምን የፈረንጅ በሽታ ብቻ አድርጎ ማየት ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዊሊያም ግራሃም ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1906 እንደገለጸው፣ የራስን ወገን የሁሉ ነገር ማዕከል አድርጎ ሌላውን በእርሱ መለካት በየትኛውም ማኅበረሰብ የሚገኝ ዝንባሌ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ፣ የሚሠሩትን ነጠላ በየበዓሉ የምንለብስ ሰዎች፣ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ስንንቅ መኖራችንን ማስታወሱ (ያውም «ቡዳ» እያልን) ይበቃል።

ተቃራኒው፣ የገጠሩን ኑሮ ማሞጋገስ ብቻ፣ ያው ስህተት ነው፤ እዚያም የተመልካቹ ምኞት የሰዎቹን ኑሮ ይሸፍነዋል።

በጣም የከበደው ግን የባህል አንጻራዊነትን፣ ማለትም አንድን ልማድ በገዛ ማኅበረሰቡ ዓይን የማየትን መርህ፣ ለልማድ ሁሉ እንደ ይለፍ ወረቀት መቁጠር ነው። አንጻራዊነት በመሠረቱ ነገሩ እስኪገባን ፍርድን የማቆያ ዘዴ ነው። የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው መግለጫ አንድ ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት መለኪያ ለሁሉም ባህል እንደማይሠራ ቢከራከርም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሌላ መግለጫ አውጥቶ ለመብቶቹ ድጋፉን ሰጥቷል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጎዱ ልማዶችን ይከለክላል። ስለዚህ ስለ ጠለፋ የሚያጠና ሰው አባወራው «ባህላችን ነው» ያሉትን በጥንቃቄ መመዝገቡ ተገቢ ሆኖ ሳለ፣ የተጠለፈችዋን፣ እናቷንና ሽማግሌ የተላከበትን ቤት ቃል ሳይሰማ «የማኅበረሰቡ አመለካከት» ብሎ ቢጽፍ፣ የጻፈው የአንድ አባወራን አመለካከት ብቻ ነው።