«ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ሲመጣ፦ ፓዝን በኡቡንቱ ላይ ማስተካከል

ብላክ የተባለውን የፓይተን ኮድ ማስተካከያ ፒፕኤክስ በተባለው የፓይተን ፕሮግራሞች መጫኛ ጭነው ስሙን ተርሚናል ላይ ሲጽፉ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፤ ይሁን እንጂ መልእክቱ የሚናገረው ሼሉ (ተርሚናል ላይ የሚጻፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም) እንዲፈልግባቸው በተነገሩት ፎልደሮች ውስጥ ፕሮግራሙን እንዳላገኘው ብቻ ነው።

እነዚህ ፎልደሮች ፓዝ በሚባለው የአካባቢ ተለዋዋጭ (ፕሮግራሞች የሚያነቡት ስም ያለው እሴት) ውስጥ በኮለን ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ሼሉም ከግራ ወደ ቀኝ እየፈለገ በመጀመሪያ ያገኘውን ያስኬዳል። ዝርዝሩን ለማየት ኤኮ ብለው አንድ ክፍት ቦታ ይተዉና የዶላር ምልክትን ከፓዝ ጋር አያይዘው ይጻፉ፤ ፓዝ ሁልጊዜ በካፒታል ፊደላት ነው። ብላክ ያለው በሆም ፎልደርዎ፣ በዶት ሎካል ስር ባለው ቢን ውስጥ ነው። ፎልደሩ ገና ዛሬ የተፈጠረ ከሆነ፣ ዶት ፕሮፋይል የተባለው የኡቡንቱ ፋይል የሚጨምረው በሎግኢን ጊዜ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሎግአውት አድርገው ተመልሰው ይግቡ።

ይህ ካልፈታው ሆም ፎልደር ውስጥ ያለውን፣ ሼሉ አዲስ ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር የሚያነበውን ዶት ባሽአርሲ የተባለ ፋይል ናኖ በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ይክፈቱና መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ። መስመሩ በኤክስፖርት ይጀምራል፤ ከክፍት ቦታ በኋላ ፓዝና የእኩል ምልክት ይከተላሉ፤ በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ግን ክፍት ቦታ ሊኖር አይገባም። ቀጥሎ በድርብ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ባለዶላር ሆም፣ እዝባር፣ ዶት ሎካል፣ እዝባር፣ ቢን፣ ኮለን፣ በመጨረሻም ባለዶላር ፓዝ ይገባሉ።

አደራ የምለው በዚህ በመጨረሻው ቃል ላይ ነው። ባለዶላሩ ፓዝ ከተዘለለ አዲሱ አድራሻ የቀድሞውን ዝርዝር በሙሉ ይተካዋል፤ ያን ጊዜ ፋይሎችን የሚዘረዝረው ኤልኤስም ሆነ ናኖ ራሱ በስሙ ሲጠራ አይገኝም። ይህ ከደረሰብዎ አይደንግጡ፤ ፕሮግራሞቹ በቦታቸው ናቸው። እዝባር፣ ዩኤስአር፣ እዝባር፣ ቢን፣ እዝባር፣ ናኖ ብለው ሙሉ አድራሻውን በመጻፍ ፋይሉን ከፍተው ያርሙት፤ ከዚያም አዲስ ተርሚናል ይክፈቱ።

ታይፕ ብለው ብላክን ቢያስከትሉ ሼሉ የትኛውን ፋይል እንዳገኘ ያሳይዎታል። በማክ ላይ፣ በ2019 ከወጣው ካታሊና ጀምሮ መደበኛው ሼል ዜድ ሼል ስለሆነ፣ ይኸው መስመር የሚጻፈው ዶት ዜድኤስኤችአርሲ ውስጥ ነው።