የሌሊቱን ብርድ ደጅ አታሳድሩት፦ በውሃ በሚቀዘቅዙ የንግድ ማቀዝቀዣዎች ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ጋቢ ያስደርባል። በዚያው ሌሊት የሥጋ፣ የወተት ወይም የአበባ ማቀዝቀዣ ክፍል ያለው ድርጅት ግቢ ብትገቡ ግን ኮምፕረሰሩ ልክ እንደ ቀትር ሲያጓራ ትሰማላችሁ። ይህ ድምፅ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ውጭ በነፃ የተሰጠ ቅዝቃዜ አለ፤ ማሽኑ ግን አያውቀውም፤ እንዲያውቀው አድርጎ ያስተካከለው ሰው የለምና። በሥራ ላይ ደጋግሜ ያገኘኋቸውን ስህተቶች ከከባዱ ጀምሬ አነሣለሁ። የምናገረው የኮንደንሰራቸውን (ጋዙ ሙቀቱን ለቅቆ ወደ ፈሳሽ የሚለወጥበትን ክፍል) ሙቀት በውሃ ተሸክመው፣ በፓምፕ ወደ ማቀዝቀዣ ማማ ወስደው ስለሚጥሉ ማሽኖች ነው።

የኮንደንሰሩን ግፊት ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ መቸንከር

ማሽኑ ሲተከል ኮንደንሰሩ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንዲሠራ ይደረጋል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አይነካውም። በኮንደንሰሩ ውስጥ ግፊትና ሙቀት አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ ግፊቱ ከዚያ ዝቅ ሊል ሲል የማማው ማራገቢያ ይቆማል፣ የውሃው ቫልቭም ይጠብባል። ሲነጋ እስኪሞቅ ድረስ መቆጣጠሪያው የሚደክመው ብርዱ ወደ ማሽኑ እንዳይደርስ ነው።

ኮምፕረሰር ጋዝን ከዝቅተኛ ግፊት ወደ ከፍተኛ ግፊት ሽቅብ የሚሸከም ማሽን ነው። ዳገቱ ባጠረ መጠን የሚፈጀው ኃይል ያንሳል። የኮንደንሰሩ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲወርድ የኮምፕረሰሩ ፍጆታ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የማማው ውሃ ምን ያህል ሊወርድ እንደሚችል የሚወስነው ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር የሚያሳየው ሙቀት ነው። በደጋው የበጋ አየር ደረቅ ስለሆነ ይህ ሙቀት በቀን እንኳ ዝቅተኛ ነው፤ ሌሊትማ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ሌሊት ኮንደንሰሩን ከ40 ወደ 25 ዲግሪ ማውረድ ይቻላል። የ15 ዲግሪ ልዩነት በዓመት ስንት ሌሊት እንደሚባክን የድርጅቱ ባለቤት ቢያሰላው እንቅልፍ አይወስደውም።

ስለዚህ የግፊቱ ግብ ከአየሩ ጋር ይውጣ፣ ይውረድ። መቆጣጠሪያው የእርጥብ ቴርሞሜትሩን ሙቀት እያነበበ ከዚያ 12 ወይም 13 ዲግሪ ከፍ ያለውን ግብ ያድርግ። ከዚህ በታች ለማውረድ ማራገቢያውን በሙሉ ኃይል ማስጮህ ግን አያዋጣም። ማራገቢያው የሚበላው ኮምፕረሰሩ ካተረፈው ሊበልጥ ይችላል።

ወለሉን ሳይወስኑ ማውረድ

ይህን ሰምቶ በአንድ ቀን ግፊቱን ያወረደ ባለሙያ አውቃለሁ። ሲነጋ ክፍሎቹ ሞቀው አገኛቸው፤ ደንግጦ ወደ 40 መለሰው፣ ዳግመኛም አልሞከረም። ጥፋቱ የሐሳቡ አልነበረም። በሙቀት ብቻ የሚሠራው አሮጌ ኤክስፓንሽን ቫልቭ (ፈሳሹን እየለካ ወደ ኢቫፖሬተሩ፣ ማለትም ተንኖ ክፍሉን ወደሚያቀዘቅዝበት ቦታ የሚያስገባው) ፈሳሹን የሚያሳልፈው በሁለቱ ወገን የግፊት ልዩነት ሲኖር ነው፤ ልዩነቱ ሲጠብ ኢቫፖሬተሩ ጋዝ ያጥረዋል። ኤሌክትሮኒክ ቫልቭ ይበልጥ ስለሚከፈት ዝቅተኛውን ግፊት ይችለዋል። ቫልቭ መቀየር የማይችል ሰው በየሳምንቱ 2 ዲግሪ ብቻ እያወረደ የክፍሎቹን ሙቀት ይከታተል፤ መሞቅ ሲጀምሩ ወለሉን አግኝቷል ማለት ነው። የኮምፕረሰሩ አምራች ከወሰነው ዝቅተኛ ግፊት በታች ግን በፍጹም አይወረድም፤ ዘይቱ መዞሩን ሊያቆም ይችላል።

የባህር ወለል ሠንጠረዥ ይዞ ደጋ ላይ መሥራት

ይህ በአገራችን ብዙ የሚታይ፣ ግን እምብዛም የማይነሣ ስህተት ነው። የግፊት ጌጅ የሚያሳየው ጋዙ ከውጭው አየር የሚበልጥበትን መጠን ነው። የአየር ግፊት በባህር ወለል 1.01 ባር ሲሆን፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ 0.77 ባር ገደማ ነው። ግፊትን ወደ ሙቀት ለመቀየር በየኪሳችን የምንይዘው ሠንጠረዥ ደግሞ ለባህር ወለል የተሠራ ነው።

አር 134ኤ የሚባለውን ጋዝ እንውሰድ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ እንዲተን የፈለገ ሰው በሠንጠረዡ መሠረት ጌጁን 1 ባር ላይ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ያ ንባብ ጋዙን ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ያወርደዋል፤ ትክክለኛው ንባብ 1.24 ባር ነበር። በከንቱ የወረዱት 3 ዲግሪዎች ኮምፕረሰሩን ያደክማሉ፣ ኢቫፖሬተሩ ላይ በረዶ ያከማቻሉ፣ የክፍሉን እርጥበት መጥጠው ጽጌረዳውን ያጠወልጋሉ። ድሬዳዋ ላይ ስህተቱ ያንሳል፤ አይጠፋም ግን። የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ያላችሁም አትዘናጉ፤ ሴንሰሩ ፍጹም ግፊትን ነው ወይስ ከአየር ጋር የተነጻጸረ ግፊትን የሚለካው የሚለው ምርጫ በስህተት ከተሞላ ኤሌክትሮኒኩ ቫልቭ ሌሊቱን ሙሉ በተሳሳተ ስሌት ይከፍታል፣ ይዘጋል።

የግላይኮሉን ፓምፕ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ማሠራት

ቅዝቃዜውን በግላይኮል (ውሃ እንዳይረጋ የሚቀላቀልበት ፈሳሽ) ወደ ክፍሎቹ በሚያደርሱ ማሽኖች ላይ ፓምፑ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። አንድ ጊዜ ራሱ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ የበላው ኃይል ደግሞ ፈሳሹ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ስለሚቀር ኮምፕረሰሩ እንደገና ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ይሠራል። የክፍሎቹ ማራገቢያዎችም እንደዚሁ ናቸው። በስሌት ደረጃ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚበላው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ በተግባር ያን ያህል ባይደርስም ትርፉ ትልቅ ነው።

ይህን አውቀው የፓምፑን ፍጥነት የሚቀንስና የሚጨምር ኢንቨርተር ገዝተው ምንም ያላተረፉ አሉ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ባለሦስት መንገድ ቫልቭ ነው፤ ክፍሉ ያልፈለገውን ግላይኮል በጎን አሳልፎ ስለሚመልሰው ግፊቱ አይለወጥም፣ ፓምፑም የቅዝቃዜው ፍላጎት መቀነሱን አያውቅም። በባለሁለት መንገድ ቫልቭ ካልተተካ ኢንቨርተሩ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ፈሳሹም አይወፍር፤ ምግብ ላለበት ቦታ የሚፈቀደው ፕሮፒሊን ግላይኮል 30 በመቶ ሲሆን ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ድረስ አይረጋም። «ለጥንቃቄ» ተብሎ 50 በመቶ ሲደረግ ለፓምፑም ለሙቀት ልውውጡም ከባድ ይሆናል።

የኮንደንሰሩን ቱቦ እስኪደፈን መጠበቅ

የጉድጓድ ውሃ ኖራ ይጥላል። ከኮንደንሰሩ በሚወጣው ውሃና በጋዙ ሙቀት መካከል ያለውን ልዩነት መዝግቡ፤ ንጹሕ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ነው። ወደ 8 ከወጣ ቱቦው ቆሽሿል ወይም አየር ገብቷል፤ ሌላ ማስተካከያ ከማድረጋችሁ በፊት አጽዱት። የማማው ውሃም መድኃኒት ይደረግበት፤ ሳንባን የሚያጠቃው ሌጂዮኔላ የሚራባው እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ነው።

የቧንቧ ውሃን አንድ ጊዜ አሳልፎ ወደ ፍሳሽ መልቀቅ በፈረቃ ውሃ በሚጠብቅ ከተማ ውስጥ ነውር ነው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሳይለኩ ማስተካከል

ለኮምፕረሰሮቹ ብቻ የተለየ ቆጣሪ አስገቡ። ጠዋት በ12 ሰዓትና ከቀኑ በ9 ሰዓት ቆጣሪውን፣ የውጭውን ሙቀትና የክፍሎቹን ሙቀት አንድ ደብተር ላይ ጻፉ። ማስተካከያውን ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ሳምንት፣ ከጀመራችሁ በኋላም በተመሳሳይ ወቅት ሁለት ሳምንት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የለወጠው ሰው ስምና ቀኑ ከጎኑ ይጻፍ፤ ደብተሩም የፈረቃ ሠራተኛው በሚያየው ቦታ፣ ከመቆጣጠሪያው ሳጥን አጠገብ ይቀመጥ።