ለቤት ምሽት የሚሆን የፍቅር ፊልም እንዴት ይመረጣል?

ፊልም ለማየት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የምሽቱን የመጀመሪያ ሰዓት ዝርዝሩን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያገላብጡ ያባክኑታል፤ በመጨረሻም የሚከፍቱት አንዳቸውም ያልፈለጉትን፣ ነገር ግን ሁለቱም ያልተቃወሙትን ፊልም ነው። ስለዚህ ምርጫው ከምሽቱ አስቀድሞ ማለቅ አለበት። አንዱ ሦስት ፊልሞችን ያቀርባል፣ ሌላው ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ተራው ይቀየራል። ከሦስት በላይ ማቅረብ ግን ተመልሶ ወደ ዝርዝሩ መግባት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ሦስቱን ማግኘት ነው። የፍቅር ፊልም ተብለው በአንድ ረድፍ ከሚደረደሩት ውስጥ አንዳንዶቹ ፍቅረኞቹን አንገላተው በመጨረሻ ያገናኟቸዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ አገናኝተው ይለያዩአቸዋል። ለረጅም ዘመን ሲወደሱ ከኖሩት መካከል ብዙዎቹ ከሁለተኛው ወገን ናቸው፤ የ1942ቱ «ካዛብላንካ» (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) እና የ1945ቱ «ብሪፍ ኢንካውንተር» ለዚህ ይጠቀሳሉ። ዘና ብሎ ስቆ ለመተኛት ያሰበ ሰው ዝናቸውን ብቻ ሰምቶ ቢከፍታቸው የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። በተለይ የሚያታልለው የ1964ቱ የፈረንሳይ ፊልም «ዘ አምብሬላስ ኦፍ ሼርቡር» ነው። ግድግዳዎቹ በደማቅ ቀለም የተዋቡ ናቸው፤ የመካኒኮቹ ተራ ወሬ ሳይቀር እያንዳንዱ ቃል በዜማ ይባላል፤ ፍጻሜው ግን የቀለሙን ያህል ደማቅ አይደለም። ስለዚህ ስለ አንድ ፊልም ሲጠየቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ታሪኩ ምንድን ነው?» መሆን የለበትም፤ «ሲያልቅ ምን ዓይነት ስሜት ይዞ ያስነሣል?» የሚለው ይበልጣል። ፊልሙን ያየ ሰው ይህን ጥያቄ ፍጻሜውን ሳይናገር ሊመልስ ይችላል።

በደስታ የሚያልቅ ለሚፈልግ የፍራንክ ካፕራ «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» እስካሁን የሚደርስበት ጥቂት ነው። በ1934 የወጣው ይህ ፊልም ከአባቷ ያመለጠች የባለጸጋ ልጅና ሥራ ያጣ ጋዜጠኛ በአውቶቡስ አብረው ሲጓዙ የሚሆነውን የሚተርክ ሲሆን፣ የምርጥ ፊልም፣ የዳይሬክተር፣ የተዋናይ፣ የተዋናይት እና የስክሪፕት ኦስካሮችን በአንድነት ወስዷል። ሁለቱ አንድ ክፍል ለመጋራት ሲገደዱ ጋዜጠኛው በአልጋዎቹ መካከል ገመድ ወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቅላል፤ ከዚያ በኋላ የፍቅራቸው ነገር ሁሉ በዚያ ብርድ ልብስ ላይ ይንጠለጠላል። ወደ ዘመናችን ቀረብ ያለ የሚሻ ደግሞ የ1989ኙን «ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ» ይምረጥ። በየመሃሉ ሶፋ ላይ የተቀመጡ አረጋውያን ጥንዶች እንዴት እንደተገናኙ ይተርካሉ፤ ተራኪዎቹ ተዋንያን ቢሆኑም ታሪኮቹ ከእውነተኛ ሰዎች የተሰበሰቡ ናቸው።

ጥቁርና ነጭ ፊልም አላይም ለሚል ሰው ማስገደድ አያዋጣም፤ ይልቁንም በ«ሮማን ሆሊዴይ» መጀመር ይሻላል። ዊልያም ዋይለር በ1953 ያወጣው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም በሮም ጎዳናዎች የተቀረጸ ሲሆን፣ ኦድሪ ሄፕበርን ከኦፊሴላዊ ጉብኝቷ ያመለጠችውን ልዕልት ሆና ኦስካር ያገኘችበት ነው። አብሯት የሚተውነው ግሪጎሪ ፔክ ውሸታምን ይነክሳል በሚባለው የድንጋይ አፍ ውስጥ እጁን አስገብቶ መዳፉን እጅጌው ውስጥ ደብቆ ሲያወጣ የምትጮኸውን ጩኸት የሰማ ሰው፣ ስለ ቀለም ማጣት ማሰቡን ይተዋል። ይህም ቢሆን በሠርግ የሚያልቅ ፊልም እንዳልሆነ አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው።

ቀጥሎ ርዝመቱና ፍጥነቱ ይታያል። «ታይታኒክ» ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ የ1995ቱ የሕንድ ፊልም «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ደግሞ በመሃሉ እረፍት እንዲኖረው ታስቦ የተሠራ ስለሆነ በመሃሉ ቆም ማለት አይጎዳውም። ዘግይቶ ለሚጀመር ምሽት 86 ደቂቃ ብቻ የሆነው «ብሪፍ ኢንካውንተር» ይመቻል። ፍጥነት ግን ከርዝመት የተለየ ጉዳይ ነው። የዎንግ ካር ዋይ «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» ከመቶ ደቂቃ ያንሳል፤ ሆኖም ለደከመ ሰው ረጅም ነው። የትዳር አጋሮቻቸው እርስ በርስ እንደሚወዳጁ የደረሱበት ሁለት ጎረቤታሞች የሚሰማቸው ነገር የሚታወቀው በንግግራቸው አይደለም። ከጎረቤታሞቹ አንዷን የምትጫወተው ማጊ ቼንግ የምግብ መያዣዋን አንጠልጥላ በቫዮሊን ዜማ ታጅባ ጠባቡን ደረጃ በዝግታ ስትወርድ በመመልከት ነው፤ የአጋሮቻቸው ፊት ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይታይም። ስልኩን እያየ የሚከታተል ሰው ይህን ፊልም ባይከፍተው ይሻላል።

ተመልካቾች በሚሰጡት ነጥብ መምረጥ አቋራጭ ይመስላል፤ ነገር ግን አማካይ ቁጥር ፊልሙን ሰዎች ምን ያህል እንደወደዱት እንጂ ለየትኛው ምሽት እንደሚስማማ አይናገርም። ትሬለርም የተሻሉትን ቀልዶች አስቀድሞ ስለሚጨርስ አይረዳም። ከሁለቱም ይልቅ አቅራቢው የፊልሙን የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ብቻውን ቢያይ ይጠቅመዋል። ወላጆች ወይም ልጆች አብረው የሚቀመጡ ከሆነ የዕድሜ ገደቡን ማየት አይዘንጋ።

ከምርጫው በኋላ ቴሌቪዥኑን ማስተካከል ይቀራል። ፊልም በአብዛኛው በሰከንድ 24 ምስሎች የሚቀረጽ ሲሆን፣ ብዙ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች በመካከል የራሳቸውን ምስሎች ፈጥረው ስለሚጨምሩ እንቅስቃሴው ከልክ በላይ ልስልስ ይላል፤ ትልቅ በጀት የፈሰሰበት ፊልም በስቱዲዮ የተቀረጸ ተከታታይ ድራማ ይመስላል። ይህን አገልግሎት እያንዳንዱ አምራች በየራሱ ስም ስለሚጠራው ፈልጎ ከማጥፋት ይልቅ፣ በምስል ቅንብሩ ውስጥ «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር» የሚለውን መምረጥ ይቀላል። ድምፅን በተመለከተ፣ በብዙ ቻናል (የድምፅ መስመር) የተቀረጸ ፊልም ንግግሩን በአብዛኛው በመካከለኛው ቻናል ላይ ስለሚይዝ፣ በቴሌቪዥኑ ሁለት ስፒከሮች ሲወጣ ሙዚቃው ይጎላና ሹክሹክታው ይጠፋል። ስቴሪዮ (ባለሁለት መስመር ድምፅ) የሚል አማራጭ ካለ እሱን መምረጥ ነው።

ሰብታይትል ከተፈለገ ፍተሻው በሁለት ቦታ መሆን አለበት፤ መጀመሪያው ላይ አንዴ፣ መጨረሻው አካባቢ አንዴ። በሁለቱም ቦታ እኩል ከዘገየ ወይም ከቀደመ ማስተካከሉ ቀላል ነው፤ በኮምፒውተር ለሚታይ በቪኤልሲ ማጫወቻ ላይ «ጂ» እና «ኤች» የሚሉት ቁልፎች ወደፊትና ወደኋላ ይገፉታል። መጀመሪያው ልክ ሆኖ መጨረሻው ከተዛባ ግን ጽሑፉ የተዘጋጀው በሌላ ፍጥነት ለሚሄድ ቅጂ ነው። በሰከንድ 24 እና 25 ምስሎች መካከል ያለው ልዩነት ኢምንት ይመስላል፤ ሆኖም በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ ወደ አምስት ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ይህን በቁልፍ መግፋት አያስተካክለውም፤ የሚሻለው ሌላ ፋይል መፈለግ ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት ከሌላ ፊልም ይልቅ የፍቅር ፊልምን ይጎዳል፤ አንዱ የሚወደውን ለመናገር እየተንተባተበ ሳለ የሌላዋ መልስ ከታች ተጽፎ ይነበባል።

መብራትና ስልክን በተመለከተ ሁሉም የሚያውቀውን መድገም አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ቢስማሙበት ይበጃል፤ ግማሽ ሰዓት ታይቶ አንዳቸውን ካልያዘው ያለ ቅያሜ ይዘጋል።

ለተከታታይ ምሽቶች ለሚያስቡ የሪቻርድ ሊንክሌተር ሦስት ፊልሞች አሉ፤ «ቢፎር ሰንራይዝ» በ1995፣ «ቢፎር ሰንሴት» በ2004፣ «ቢፎር ሚድናይት» በ2013 ወጥተዋል። ተዋንያኑ ኢታን ሆክ እና ጁሊ ዴልፒ በታሪኩም በእውነቱም ዘጠኝ ዘጠኝ ዓመት እየጨመሩ ስለሚመለሱ ቅደም ተከተሉን ማዛባት አይገባም፤ ሦስቱን በአንድ ሌሊት መጨረስም በመካከላቸው ያለውን ጊዜ ይሰርዘዋል። ሁለተኛው 80 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ ለሥራ ቀን ምሽት ይመቻል። ሦስተኛውን ግን ገና ለተዋወቁ ፍቅረኞች አልመክርም፤ በሆቴል ክፍል ውስጥ የሚካሄደው ረጅም ጠብ ለዓመታት አብረው የኖሩ ሰዎች የሚያውቁት ዓይነት ነው፣ ለእነሱም ቢሆን ከጠብ ማግሥት ባይከፍቱት ይሻላል።