የኦፕን ሶርስ የፔኔትሬሽን ቴስት ሞጁሎችን ከዓመት ዓመት መንከባከብ

አንድ የፔኔትሬሽን ቴስት ሞጁል (በባለቤቱ ፈቃድ የሲስተምን የደህንነት ክፍተት የሚፈትሽ መሣሪያ አንድ ክፍል) ተጽፎ በተለቀቀበት ዕለት ትክክለኛ መልስ ቢሰጥም፣ ኮዱን ማንም ሳይነካው መልሱ ቀስ በቀስ እየተሳሳተ ሊሄድ ይችላል። የሚፈተሸው ሶፍትዌር አዲስ ስሪት ያወጣል፤ ሞጁሉ የተደገፈባቸው ላይብረሪዎች (ተዘጋጅተው የሚጠሩ የኮድ ስብስቦች) ይለወጣሉ፤ ስለ ተጋላጭነቱ የታወቀው ነገርም በጊዜ ብዛት ይታረማል። ሞጁሉ ስህተት አውጥቶ ቢቆም ተጠቃሚው ወዲያው ያውቃል። የሚያስፈራው በጸጥታ ተበላሽቶ «ተጋላጭ አይደለም» የሚለው ነው፤ ይህን ቃል ያመነ ፈታሽ ሰርቨሩን ከዝርዝሩ ሰርዞ ያልፋል፣ የሰርቨሩ ባለቤትም ክፍተቱ የተዘጋ መስሎት ይቀመጣል። እንክብካቤውን ከዚህ መጀመር ይገባል እላለሁ።

ስለዚህ በቅድሚያ የሚታየው የፍተሻው ክፍል የሚመልሰው ቃል ነው። ሜታስፕሎይት በተባለው የፔኔትሬሽን ቴስት ፍሬምወርክ ይህ ክፍል «ቼክ» ይባላል፤ ከሚመልሳቸው ኮዶች መካከልም «አንኖውን» (አይታወቅም)፣ «ሴፍ» (ተጋላጭ አይደለም)፣ «ዲቴክትድ»፣ «አፒርስ» እና «ቨልነረብል» ይገኛሉ። «ዲቴክትድ» አገልግሎቱ መኖሩን ብቻ ይናገራል፤ «አፒርስ» እንደ ስሪት ቁጥር ካለ ተዘዋዋሪ ማስረጃ ተነስቶ ተጋላጭ እንደሚመስል ይገልጻል፤ «ቨልነረብል» ክፍተቱ በተግባር ለተረጋገጠበት ጊዜ የተጠበቀ ነው። በአሮጌ ሞጁሎች ላይ ደጋግሞ የሚገኘው ጉድለት፣ ሰርቨሩ መልስ ስላልሰጠ ወይም ያልተጠበቀ ገጽ ስለመለሰ ብቻ «ሴፍ» ብሎ መደምደም ነው። ሞጁሉን የተረከበ ሰው «ሴፍ» ወደሚለው መስመር የሚያደርሱትን የኮዱን መንገዶች አንድ በአንድ ተከትሎ፣ እያንዳንዳቸው በማስረጃ የተደገፉ መሆናቸውን ማየትና ያልተደገፉትን ወደ «አንኖውን» ማዛወር ይኖርበታል። ጊዜ ያጣ ሰው ይህን ብቻ እንኳ ቢያደርግ ተጠቃሚውን በእጅጉ ይጠቅማል።

የስሪት ቁጥር ማነጻጸር ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሞጁሎች የሚሳሳቱት ግን እዚሁ ላይ ነው። ሁለት ቁጥሮችን እንደ ተራ ጽሑፍ የሚያነጻጽር ኮድ ምልክት በምልክት ስለሚሄድ፣ ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው 1 ከ9 ማነሱን አይቶ 2.10 ከ2.9 ይቀድማል ብሎ ይፈርዳል። ሞጁሉ ሲጻፍ የመጨረሻው ስሪት 2.9 ከነበረ ስህተቱ ለዓመታት ሳይታይ ይኖራል፤ አምራቹ 2.10ን ባወጣ ማግስት ግን የተስተካከለው ሶፍትዌር ተጋላጭ ተብሎ ይመዘገባል። በሜታስፕሎይት «ሬክስ ቨርዥን»፣ በፓይተን ደግሞ «ፓኬጂንግ» የተባለው ላይብረሪ ቁጥሮችን በትክክል ያነጻጽራሉ። ቀድሞ ለዚሁ ሥራ «ዲስቱቲልስ»ን የተጠቀሙ የፓይተን ስክሪፕቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ፓይተን 3.12 ላይብረሪው ከቋንቋው ስለተወገደ፣ እንደገና ካልተጻፉ በዚያና በተከታዮቹ ስሪቶች ላይ ሊቆሙ ይችላሉ። ቁጥሩ በትክክል ቢነበብ እንኳ ሙሉ ማስረጃ አይሆንም። እንደ ዴቢያንና ሬድ ሃት ያሉ የሊኑክስ ስርጭቶች የደህንነት ማስተካከያን ወደ አሮጌው ስሪት መልሰው ስለሚያስገቡ፣ ሰርቨሩ የሚያሳየው ዋና ቁጥር ሳይለወጥ ክፍተቱ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። በቁጥር ላይ ብቻ የቆመ ፍርድ ከ«አፒርስ» ማለፍ የለበትም።

ላይብረሪዎች ሲለወጡ የሚደርሰውን ጉዳት በአንድ ምሳሌ በቅርብ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለው የምስጠራ ላይብረሪ ስሪት 3.0 ሲወጣ፣ ኤምዲ4 የተባለው አሮጌ የሀሽ ስልት (መረጃን ወደ አጭር አሻራ የሚለውጥ ስሌት) «ሌጋሲ» ወደሚባለው፣ ተጠቃሚው ካልጠየቀ ወደማይጫነው ክፍል ተዛወረ። ኤንቲኤልኤም በተባለው የዊንዶውስ የመግቢያ ማረጋገጫ የሚያገለግለው የይለፍ ቃል ሀሽ የሚሰላው በኤምዲ4 ስለሆነ፣ ስልቱን በቀጥታ ከሲስተሙ ላይብረሪ የሚጠሩ ስክሪፕቶች በአዳዲስ ሊኑክሶች ላይ መሥራት አቆሙ። አሁን የሚከሰተውን ማንኛውንም ስህተት በጅምላ ይዞ «መግባት አልተቻለም» እያለ የሚያልፍ ሞጁል እናስብ፦ ሀሹ አልተሰላም፣ ጥያቄው ከፈታሹ ማሽን አልወጣም፣ ሪፖርቱ ላይ ግን የተሰጠው የይለፍ ቃል እንደማይሠራ ተጽፏል። መድኃኒቱ ሞጁሉ የሚጠበቁትን የኔትወርክ ስህተቶች በስማቸው ለይቶ እንዲይዝና ሌላው ሁሉ በግልጽ እንዲወጣ መተው ነው። ከዚህም ጋር፣ ማንም ኮድ ባይልክ እንኳ ሙከራዎቹ በየሳምንቱ በአዳዲሶቹ የሩቢ፣ የፓይተን ወይም የሉዋ ስሪቶች ላይ በራሳቸው እንዲሮጡ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ኮሚት (በኮዱ ላይ የሚመዘገብ ለውጥ) ሲመጣ ብቻ የሚሮጥ ሙከራ ኮሚት በማያገኝ ሞጁል ላይ የሚነግረን ነገር የለም።

ይህ ሁሉ የሚረጋገጠው በላብ፣ ማለትም በራስ የመሞከሪያ ማሽኖች ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሞጁል ቢያንስ ሦስት ዒላማዎች ቢኖሩ መልካም ነው፦ ተጋላጩ ስሪት፣ የተስተካከለው ስሪት፣ እንዲሁም በዚያው ፖርት ላይ የሚሠራ ጨርሶ የማይገናኝ አገልግሎት። ሦስተኛውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ የተሳሳቱ ፍርዶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጋለጡት በእሱ ነው። አምራቾች አሮጌ ስሪቶችን ከገጻቸው ስለሚያነሱ፣ የመጫኛ ፋይሉን በጊዜ አውርዶ ከሻ-256 ሀሹ (ፋይሉ አለመለወጡን ከሚያሳየው አሻራ) ጋር ማስቀመጥ ወይም ኮንቴነር (ሶፍትዌሩን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የያዘ ጥቅል) ማዘጋጀት ከኋላ ብዙ ድካም ያድናል። ሶፍትዌሩ በፈቃድ ክፍያ ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ ከዒላማው የተመለሱትን መልሶች የይለፍ ቃልና የግል መረጃ አጽድቶ መቅዳትና በሙከራ ኮዱ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ከራስ ላብ ውጭ፣ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይያዝ፣ ሞጁልን በማንም ሰርቨር ላይ መሞከር አይገባም፤ «ፈትሼው ነው የላክሁት» የሚል አስተዋጽዖ አድራጊም የት እንደፈተሸው መጠየቅ አለበት።

በሞጁሉ ራስጌ ላይ ያለው መረጃም እንደ ኮዱ ያረጃል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ይፋ የሆነው፣ ሎግ4ጄ በተባለው የጃቫ ሎግ መመዝገቢያ ላይብረሪ ውስጥ የተገኘው ክፍተት፣ ሲቪኢ-2021-44228 (ሲቪኢ ለታወቁ ክፍተቶች የሚሰጥ መለያ ነው)፣ በስሪት 2.15.0 ተስተካከለ ተባለ፤ ማስተካከያው ሙሉ አለመሆኑ በቀናት ውስጥ ታውቆ ሲቪኢ-2021-45046 የሚል ቁጥር ተሰጠውና 2.16.0 ተከተለ። 2.15.0ን የመጨረሻ ድንበር አድርጎ የመዘገበ ሞጁል በመጀመሪያው ቀን ትክክል ነበር፤ በሳምንቱ ግን አልነበረም። ሜታስፕሎይት ሞጁሉ አገልግሎቱን ሊጥል እንደሚችል፣ ፋይል ትቶ እንደሚሄድ ወይም በሎግ ላይ አሻራ እንደሚተው የሚመዘገብበት ቦታ አለው፤ ኤንማፕ የተባለው የኔትወርክ መቃኛም ስክሪፕቶቹን «ሴፍ» (እዚህ ላይ ጉዳት የማያደርስ)፣ «ኢንትሩሲቭ» (ዒላማውን ሊረብሽ የሚችል)፣ «ዶስ» (አገልግሎቱን ሊያቋርጥ የሚችል) በሚሉ ምድቦች ይለያል። ኮዱ ሲሻሻል እነዚህ አብረው መታየት አለባቸው፤ የሥራ ላይ ሰርቨር የሚፈትሽ ሰው ሞጁሉን ለመጫን የሚወስነው እነሱን አንብቦ ነውና።

አስተዋጽዖ ሲመጣ ትንንሽ ለውጦችን መቀበል ይሻላል። የኮድ ቅርጽ ማስተካከልና የኮዱን አሠራር መለወጥ በአንድ ፑል ሪኩዌስት (ለውጥ እንዲቀላቀል የሚቀርብ ጥያቄ) ከመጡ፣ እንዲለያዩ በትሕትና መጠየቅ ይገባል። ሥራውን ለሌላ ሰው ማስረከብ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር ስሪቶች 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተገኘው የኋላ በር (ድብቅ መግቢያ)፣ ለረጅም ጊዜ አመኔታን ባተረፈ አስተዋጽዖ አድራጊ በኩል የገባ ነበር። አዲስ ስሪት የመልቀቅ ሥልጣን ከመሰጠቱ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰዎች ለውጦችን እንዲያጸድቁ ማድረግ፣ በተለይም በሰው ዓይን የማይነበቡ ፋይሎች ከምን እንደተሠሩ እስኪታወቅ አለመቀበል ተገቢ ነው።

ማንም ሊፈትሸው የማይችል ወይም በተሻለ የተተካ ሞጁል በድንገት ከሚሰረዝ ይልቅ በማስጠንቀቂያ ቢሰናበት ይመረጣል። ሜታስፕሎይት ለዚህ የሚወገድበትን ቀንና የምትኩን ስም ተቀብሎ ተጠቃሚው በጫነው ቁጥር የሚያሳይ መንገድ አለው። ስሙ ብቻ የተለወጠ ሞጁልም በአሮጌ ስሙ ሲጠራ ወደ አዲሱ እንዲመራ ማድረግ ይቻላል፤ በሌሎች ሰዎች ስክሪፕት ውስጥ የተጻፈው አሮጌው ስም ነውና።