ከቦርደርላይን ጋር ስንኖር የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ ከኩርፊያ እንጀምር

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ባል ቢሮዬ መጣ። "ስልኬን ሦስት ቀን ዘጋሁባት፣ እስኪገባት" አለኝ። "ገባት ወይ?" አልኩት። ዝም አለ። ሚስቱ በሁለተኛው ቀን ማታ ሆስፒታል ገብታለች።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ሚስቱ ቦርደርላይን አለባት፤ ስሜትንና ከሰው ጋር ያለን ግንኙነት በጣም የሚያናውጥ የአእምሮ ሕመም ነው። ይሄን ታሪክ ሰዎቹ እየተቀያየሩ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። (ሰዎቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ።)

የስህተቶች ሁሉ አውራ ኩርፊያ ነው። እኛ ጋ ኩርፊያ የቤት ሕግ ነው። እናት ታኮርፋለች፣ ባል ያኮርፋል፣ ምሳ ለየብቻ ይበላል፣ ሳምንት ሙሉ "እንዴት አደርሽ" የለም፣ ከዚያ አንዷ አክስት ትመጣና ቡና ተፈልቶ ይታረቃሉ። አብዛኛው ሰው ተናዶ፣ አኩርፎ፣ ያልፈዋል። ቦርደርላይን ያለባት ሴት ግን (ወንዶችም አሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን "ቁጡ ነው" ተብለው ይታለፋሉ) ይሄን መሻገር ያቅታታል። የሕመሙ እምብርት "ትተውኝ ሊሄዱ ነው" የሚል ፍርሃት ነው። ሐኪሞች ከሚጠቀሙባቸው ዘጠኝ መስፈርቶች መጀመሪያ የተጻፈውም ይሄው ነው፤ የእውነትም ይሁን የተፈራ፣ መተውን ለማስቀረት መሯሯጥ። አንተ "ትንሽ ትብረድ" ብለህ ዝም ስትል እሷ ጋ የሚደርሰው "በቃ፣ አለቀ" የሚል ነው። ሃምሳ ጊዜ ትደውላለች። ትሳደባለች፣ ወዲያው ይቅርታ ትለምናለች፣ መሥሪያ ቤትህ በር ላይ ትቆማለች። አንተም "አየሽ? የምሸሽሽ ለዚህ ነው" ትላለህ። የፈራችው ደረሰ ማለት ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ቀድማ ትፈራለች።

ታፍናችሁ ኑሩ እያልኩ አይደለም። ራቁ፣ ግን ተናግራችሁ ራቁ። "አሁን በጣም ተናድጃለሁ፣ ወጣ ብዬ ልምጣ፤ 2 ሰዓት ላይ እመለሳለሁ።" ከዚያ 2 ሰዓት ላይ መመለስ። ሁለት ተኩል አይደለም። ለዚያ ባል ይሄን ስነግረው "ይሄ ብቻ?" አለኝ፣ ገንዘቡ የባከነ መስሎት። አዎ፣ ይሄ ብቻ። ደምህ ፈልቶ በሩን እየከፈትክ ሰዓት መናገር ቀላል ከመሰለህ ሞክረው አልኩት።

ሁለተኛው ስህተት ሕመሙን ባይፖላር ነው ብሎ ማሰብ ነው። ስማቸው ስለሚቀራረብ ይመስለኛል። የባይፖላር የስሜት ከፍታና ዝቅታ ቀናትና ሳምንታት ይቆያል። ቦርደርላይን ላይ ግን ጠዋት ስትስቅ የነበረች ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ በአንዲት "እሺ" የምትል ቴክስት ምድር ይከዳታል፣ ማታ ደግሞ ደህና ነች። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ሰው ነው። (ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ስለሚችሉ መለየቱን ለሐኪም ተዉት።) ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል? ለባይፖላር የሕክምናው ምሰሶ መድኃኒት ነው። ለቦርደርላይን ተብሎ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ያጸደቀው አንድም መድኃኒት የለም። አብሮ ለሚመጣ ድብርት ወይም ጭንቀት ሊታዘዝ ይችላል፣ የታዘዘውንም በራሳችሁ አታቋርጡ። ዋናው ሕክምና ግን ንግግር ነው፣ ጊዜም ይወስዳል። "ሌላ ኪኒን ይቀየርላት" እያሉ ከሐኪም ሐኪም የሚዞሩ ቤተሰቦች ያሳዝኑኛል፣ አንዳንዴም ያናድዱኛል።

"ትዳር ብትይዝ ትረጋጋለች" የምትሉ ዘመዶች፣ እባካችሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ደግሞ ራሷን ስትጎዳ "ትኩረት ፈልጋ ነው" የሚለው ነው። አንዲት ተማሪ በግንቦት ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ ትመጣ ነበር። እጅጌዋን ለመሰብሰብ አራት ቀጠሮ ፈጀባት። እናቷም እህቷም አላዩትም። ትኩረት የፈለገ ሰው ሁለት ዓመት ይደብቃል? ብዙዎቹ ራሳቸውን የሚጎዱት ውስጣቸው ያለው ስሜት ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ለማብረድ ነው። እሺ፣ ትኩረት ፈልጋም ይሁን፤ ይህን ያህል ከፈለገች ስጧት። "ሞት እያሰብሽ ነው?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፣ አብዛኛውን ጊዜ እፎይ ያሰኛል። "አዎ" ካለች ብቻዋን አትተዉአት፣ ቤት ያለውን መድኃኒትና ኬሚካል ከአጠገቧ አርቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ንግግሩን፣ ምክሩን በኋላ።

ሌላው በማዕበሉ መሃል ጠበቃ መሆን ነው። "ጠልተኸኛል አይደል?" ትላለች። "ኧረ ተይ፣ ምን አርጌሽ ነው? 4 ሰዓት ላይ ደውዬልሽ አልነበር?" ማስረጃው ትክክል ነው፣ ግን ማንም እየሰማው አይደለም። መጀመሪያ ስሜቱ፣ ማብራሪያው ኋላ፦ "ሳላነሳው ስቀር የተውኩሽ መሰለሽ፣ ያስፈራል። ስብሰባ ላይ ነበርኩ።" ስሜቷን ማመን በነገሩ መስማማት አይደለም።

የእኔን ደግሞ ልናገር። ሥራ ስጀምር ለአንዲት ታካሚ የግል ስልኬን ሰጥቼ "በፈለግሽው ሰዓት ደውዪ" አልኳት። ደግ የሆንኩ መስሎኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ትደውላለች፣ አነሳለሁ። አራት ወር እንዲህ ሄደ። ከዚያ ደከመኝና ስልኩን ሳይለንት ማድረግ ጀመርኩ፣ ምንም ሳልነግራት። አባቷ ያደረጋት ይሄንኑ ነበር፤ ቃል ገብቶ መጥፋት። መምጣት አቆመች። አሁን የምለው "እስከ ማታ 2 ሰዓት አነሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ እንዲህ እናድርግ" ነው። ትንሽ ቃል ግቡ፣ ጠብቁት።

ጸበል ላይ አልጣላም። ሄደው የሚረጋጉ አይቻለሁ፣ ቀጠሮውንም ጸበሉንም አብረው የሚያስኬዱም አሉ። "ጋኔን ነው ያለብሽ" የሚለው ነው የሚከብደኝ፤ ድሮም "እኔ መጥፎ ነኝ" ብላ ለምታምን ልጅ።

ሕመሙ ያለባችሁ እናንተ፣ ለእናንተ አጭር ነው። በቁጣ ሥራ አትልቀቁ። ሌሊት የተጻፈ ቴክስት ጠዋት ይላክ። ስሜቱ ጣራ ሲነካ ፊታችሁን በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትንሽ ንከሩት፣ የልብ ምት ያቀዘቅዛል (የልብ ሕመም ካለባችሁ ሐኪም ጠይቁ)። ቲክቶክ አይታችሁም ለራሳችሁም ለቀድሞ ፍቅረኛችሁም ምርመራ አትስጡ።

"አይድንም" የሚለውን የሙያ አጋሮቼም ይሉታል፣ አፍራለሁ። ቦስተን አጠገብ ባለው ማክሊን ሆስፒታል 290 ታካሚዎች ለዓመታት ተከታትለው ነበር። በ10 ዓመት ውስጥ 93 በመቶዎቹ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሕመሙን መስፈርት የማያሟሉ ሆነዋል። ሥራውም ግንኙነቱም የተስተካከለላቸው ግን ግማሾቹ ናቸው፣ ይሄንንም አልደብቅም። ዲቢቲ የሚባለውን የቦርደርላይን የንግግር ሕክምና የፈጠረችው ማርሻ ሊንሃን ራሷ በ17 ዓመቷ ራሷን እየጎዳች ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር በ2011 በአደባባይ ተናግራለች።

ባልየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ተጣልተው ነበር፤ 2 ሰዓት እመለሳለሁ ብሎ ወጥቷል፣ ታክሲ ጠፍቶ 2 ከ10 ሆነ።

"እና?" አልኩት።

"መንገድ ላይ ደወልኩላት። እየመጣሁ ነው፣ ትንሽ አረፈድኩ አልኳት።"

"ምን አለችህ?"

"ወጡ ቀዘቀዘ አለችኝ።"